አዲስ ጫማና እግር እስኪላመዱ

(ከአረም ወቅት በፊት በተደረገው የማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቁጠባና ብድር አይደለም፤ ስለ ጫማ ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሐምሌ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከመካከላችን ብዙዎች ወደ እርሻ እንወርዳለን። የቀረነውም ለሠራተኛው እንጀራና ወጥ ተሸክመን ከካምፕ ካምፕ እንዞራለን። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። በጊዜው ካልታጨደ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ተረከዟ ተልጦ ዳስ ውስጥ የተቀመጠች ሴት ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችውን ገቢ ታጣለች።

ከደጋ የሚመጡት ሠራተኞች በገንዳ ውኃ፣ በኮኪትና በሽንፋ መንገድ ሲያልፉ አዲሱን ጫማ በፌስታል አንጠልጥለው ባዶ እግራቸውን ሲሄዱ እናያለን። ሰው ሲያያቸው ለጫማው ሳስተው ነው ይላል። እውነት ነው፣ የሚሳሳ አለ። ጠጋ ብለን ስንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ የሚመልሱልን አንድ ነው፦ «ይልጠኛል»። ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ጫማ ትከሻ ላይ ከዋለ ለእግር ምን ጠቀመ? ጫማ የሚጠብቀን እግራችን ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

የሚጠብቀንም ከብዙ ነገር ነው። በቆላው መሬታችን እሾህ አለ፣ የማሽላ አገዳ ጉቶ አለ፣ እባብና ጊንጥ አለ። በአፈር የቆሸሸ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። ከደጋ የመጣን ደግሞ በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄዱ ሰዎች እግራቸው ሲያብጥ አይተናል። ይህ እብጠት ትንኝ ከሚያመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው ከራሱ ከአፈሩ መሆኑን በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በጥናቱ አስረድቷል። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

እንግዲህ ጫማው እግራችን ላይ እንዲቆይ ምን እናድርግ?

መጀመሪያው ግዢው ነው። ሲለካ የጠበበን ጫማ «ይሰፋል» ብለን አንግዛ። በእኛ ሙቀት እግር ቀኑን ሲቆም ውሎ ያብጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ ማታ ሊጠብ ይችላል። ከሰዓት በኋላ እንግዛ፤ ሁለቱንም እግር ቆመን እንለካ፤ ከሁለቱ ተለቅ ላለው እግር እንምረጥ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ቤት ለቀረ ልጅ ወይም ለባል የምንገዛ ከሆነ በክር ለክተን አንሂድ። ክር ርዝመቱን እንጂ ስፋቱን አይናገርም። ሰውየው ካርቶን ላይ ቆሞ የእግሩ ዙሪያ በእርሳስ ይሰመርና ተቆርጦ ወደ ገበያ ይሂድ።

ሁለተኛው የጫማውን ዓይነት ማወቅ ነው። ቆዳ እርጥበትና እንቅስቃሴ ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ እግርንም ይከተላል። ተረከዙ ላይ የደረቀውን ክፍል በእጅ አጠፍ ዘርጋ ማድረግ፣ ጋዜጣ በትንሹ አርጥቦ ውስጡን መሙላትና ጥላ ሥር ማሳደር ይረዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ማድረቅ ግን ቆዳውን ያሰነጥቀዋል። ሞራ የምንቀባም አለን፤ ያለሰልሳል፣ ግን ሲቆይ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። ኮንጎ ሌላ ነው። ፕላስቲክ እንደ ቆዳ አይሰፋም፤ ዛሬ የጠበበ ኮንጎ ከወር በኋላም ጠባብ ነው። የኮንጎ ትልቁ ችግር ውስጡ የቀረው ሻካራ ጠርዝና ላብ ነው። ጠርዙን በምላጭ ቆርጠን በሻካራ ድንጋይ እናለስልሰው፤ ካልሲ እናድርግበት፤ ማታ አጥበን እናድርቀው። ቫዝሊን ካለን የምንቀባው ጫማውን ሳይሆን የሚፋተገውን ቆዳችንን ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ጊዜ መስጠት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ ለአዲስ ጫማም ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ ቡና እያፈላን ግማሽ ሰዓት እናድርገው። በማግስቱ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት፣ እስከ ጎረቤት፣ እስከ ውኃ፣ እስከ ገበያ እያልን እንጨምር። አሥር ቀን ያህል በዚህ ዓይነት ከሄድን ጫማው የት እንደሚነካን አውቀን፣ ቆዳችንም ለምዶ ለረጅም መንገድ እንዘጋጃለን። ወደ እርሻ የሚወስደው ጉዞ የጫማ መለማመጃ አይደለም።

ጫማውን ባወለቅን ቁጥር እግራችንን እንመልከት። መጽሐፍ «የቀላ ቦታ ፈልጉ» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችን ጀርባ እንዳስስ፤ ከሌላው ይልቅ የሚሞቅ፣ የጠቆረ ወይም ሲነኩት የሚያም ቦታ ካለ የተጫነን እዚያ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ በማግስቱ ሰዓቱን እንቀንስ ወይም ጫማውን ለጫማ ሰፊ እናሳይ። ውኃ ከቋጠረ አናፍርጠው፤ ቆዳው ራሱ ፋሻ ነው። ከፈረጠም በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥበን በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነው። አመድና እበት አይደረግበትም። ቁስሉ ከሰፋ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

እዚህ ላይ ጆሮ እንድትሰጡን የምንለምነው ስኳር በሽታ ላለባቸውና የሥጋ ደዌ ለነካቸው ወገኖቻችን ነው። እግራቸው ስሜት ካጣ «ይልጠኛል» የሚል ነጋሪ የላቸውም። ጠባብ ጫማ ቀኑን ሙሉ ሲጫናቸው ሳይሰማቸው ይቆስላሉ፤ ቁስሉ ካልታየ እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በህንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከመው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እንዳሳየው፣ የእነዚህ ሰዎች እግር የሚጎዳው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም የማይነግራቸው ጫናና ቁስል ስለሚደጋገም ነው። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልም የሥጋ ደዌን ከማከም ጋር ለእንዲህ ዓይነቱ እግር የሚሆን ጫማ ሲያዘጋጅ ኖሯል። በየቤታችን እንዲህ ያለ ሰው ካለ አዲሱን ጫማ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቆይ ይጀምር፤ ሲያወልቅም ልጅ ወይም ጎረቤት የእግሩን ሥር ጭምር ይይለት። ጫማውን ከማድረጉም በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ የገባ ጠጠር አይሰማውምና። ሁላችንም ብንሆን ጠዋት ጫማችንን ሳናራግፍ አናድርግ፤ የቆላ ጊንጥ ማደሪያ አይመርጥም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ጫማ ስትሰጡን ደስታችን እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቁጥር የመጣ ጫማ ለግማሾቻችን ይሰፋል፣ ለግማሾቻችን ይጠባል። በጉዞ ዋዜማ የደረሰ ጫማም በፌስታል ይጓዛል። ቁጥራችንን አስቀድማችሁ ጠይቁን፤ ከሐምሌ በፊት በሰኔ መጀመሪያ አድርሱልን፤ ከጫማው ጋር ሁለት ጥንድ ካልሲ ጨምሩልን። ወጪው ብዙ አይጨምርም፤ ጫማው ግን እግር ላይ ይውላል።

እኅቶቻችን፣ ከዛሬ ጀምሮ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ለአረም የምትወርዱ ሁሉ ጫማችሁን አሁኑኑ ግዙ፤ የጎደላችሁ ካላችሁ ለቡድን መሪዎቻችሁ ንገሩ፤ የቁጠባ ሣጥናችን የተቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችን ሁላችንም አዲሱን ጫማ አድርገን እንምጣ። የላጠው ካለ እዚያው እናየዋለን፤ ምላጩንና ሻካራውን ድንጋይ እኛ ይዘን እንመጣለን።

እግራችሁን ይጠብቅልን።