ለጨው ውሃ ገንዳ የሚሆን ድንጋይ

በቦኖሻ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር

የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ነውና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው ርእስ «ለባሕር ኮራል ገንዳ የትኛውን ድንጋይ እንምረጥ?» ይላል። ባሕር በሌለው አገር፣ ከቦዮ ሐይቅ ማዶ ሌላ ሰፊ ውሃ በማይታይበት ወረዳ፣ ይህ ምን ይረባል ያሉኝ አሉ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ድንጋይ በመስበርና በማስተማር ነው፤ ድንጋይና ውሃ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለማሳየት ከጨው ውሃ ገንዳ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውንና ጂኦሎጂውን በየክፍለ ጊዜው ለያይተን ነው የምናስተምረው፤ እዚያ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ሦስቱም በአንድ ድንጋይ ላይ ይገናኛሉ።

ድንጋዩ በገንዳው ውስጥ ሥራ አለው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ምንም አይመስለውም፤ መቶ ሊትር ውሃ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ መርዝ ይሆናል። ይህን መርዝ የሚያነሱት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ይህን ሥራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአፈር ባክቴሪያዎች አሳይቷል። እናቶች፣ ጓሮ ወጥታችሁ በእንሰቱ ሥር ፍግ ስታፈስሱ የሚካሄደው ይኸው ለውጥ ነው፤ በፍጉ ውስጥ ያለው አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ እንሰቱ ይመገበዋል። በገንዳው ውስጥ ግን እንሰት የለም፤ ናይትሬቱ ይጠራቀማል። እዚህ ላይ ነው የድንጋዩ ሆድ የሚያስፈልገው። ውሃ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ በሚሰርግበት ቀዳዳ ጥልቀት ኦክስጅን ያልቃል፤ ኦክስጅን ያጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ከናይትሬቱ ላይ ኦክስጅኑን ወስደው ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይለቁታል።

ስለዚህ እኔ ድንጋይን የምመርጠው በቀዳዳው ነው። መልኩ፣ ቀለሙ፣ ቅርጹ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከባሕር ያወጣውን ድንጋይ ከነሕይወቱ ገንዳ ውስጥ አኖረ፣ ጥቂት የአየር አረፋ ጨመረበት፣ ኮራሉ ኖረለት። ኋላ በርሊን ያሉ የኮራል ወዳጆች ይህን መንገድ ይዘው ስላስፋፉት ዛሬ የበርሊን ዘዴ እየተባለ ይጠራል።

እዚህ ላይ በርእሱ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ላንሳ፤ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነውና ታገሡኝ። ኮራል የሠራው ድንጋይ በአገራችን አለ ወይ? አለ፤ ያውም ሁለት ዓይነት።

የመጀመሪያው ጥንታዊው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የጂኦሎጂ ባለሙያ አብሮ ተጉዞ ነበር፤ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ በትግራይ ያየውን የኖራ ድንጋይ በአንታሎ ከተማ ስም ጠራው። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ በውስጡ ኮራልም አለ። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ውሃ ሲመላለስበት ቀዳዳዎቹ በካልሳይት ተደፍነዋል። ብትሰብሩት ጥርት ብሎ ይሰበራል፤ ውሃ ብታፈሱበት በላዩ ይፈስሳል። ለቤት ግንብ እሰየው ነው፤ ለእኛ ገንዳ ግን ሆዱ ተዘግቷል።

ሁለተኛው የዳናክል ነው። ተማሪዎች፣ ካርታችሁ ላይ አፋርን ፈልጉ። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን አሳሌና ዳሎል አሉ። የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ፣ ዓለም ሞቅ ባለችበትና የባሕር ወለል ከፍ ባለበት ዘመን፣ ቀይ ባሕር ከሰሜን በኩል ገብቶ ያንን የዳናክል ስምጥ ሞልቶት ነበር። በስምጡ ጠርዝ ላይ ኮራል በቀለ። ዛሬ በዚያ ጠርዝ የሚሄድ ሰው ኮራሉን እንደበቀለ፣ ሥሩ ወደታች ጫፉ ወደላይ ሆኖ፣ ከነዛጎሉ ያገኘዋል። እኔ እዚያ በደረስኩበት ጊዜ አብሮኝ የነበረው የአፋር መንገድ መሪ በእጁ ያለውን በትር በአንዱ ጉብታ ቀዳዳ ውስጥ ሰደደውና «ይህ የውሃ ድንጋይ ነው» አለኝ። መጽሐፍ ሳያነብ የደረሰበት ነው፤ አባቱም እንዲያ ይል ነበር አለኝ።

ባሕሩ እንዴት ሞተ? መግቢያው ተዘጋ፣ ፀሐዩም ሥራውን ሠራ። የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ በተራ ነው የሚወርዱት። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔቱ ይወርዳል። ውሃው ወደ ሩብ ሲቀንስ ጀሶ ይወርዳል፤ እኛ ግድግዳ የምንለስንበት ያው ጀሶ። ከአሥር እጅ አንድ እጅ ሲቀር የምንበላው ጨው ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ የፖታሽ ጨዎች ይከተላሉ። በዳናክል ይህ ቅደም ተከተል በምድር ላይ ተጽፎ ይነበባል። ኮራሉ በጠርዙ፣ ጀሶው በአጠገቡ፣ ጨው በመሐል፣ ፖታሹ በዳሎል። ለኬሚስትሪ መምህራን ይህን ደግሜ እላለሁ፤ የመሟሟት ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ መቅረት የለበትም። አገራችን ውስጥ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርዝመት ተዘርግቶ ተቀምጧል።

ከዚያ ጨው የተቆረጠው አሞሌ በግመል ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ፣ ከዚያም በነጋዴ እጅ ወደ ደቡብ ገበያዎች እየወረደ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። እዚህ ከተቀመጡት አባቶች መካከል ስለ አሞሌ ከአያቶቻቸው የሰሙ እንደሚኖሩ አምናለሁ። ያ ኮራል የበቀለበት ባሕር በጨው መልክ ወደ ደቡብ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ መሆኑን አይቻለሁ። ከዳናክል በስተሰሜን፣ በኤርትራ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አብዱር የሚባል ቦታ አለ። ሮበርት ዋልተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት እዚያ ያለው የኮራል ድንጋይ 125 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነው አሳዩ። በድንጋዩ ውስጥ፣ ከኮራሉና ከኦይስተር ዛጎሉ ጋር ተጣብቆ፣ ሰው የጠረበው የድንጋይ መሣሪያ ተገኘ። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ ባልጩት ናቸው። ያኔ የነበሩ ሰዎች ዳር ወርደው ከባሕር የሚበላ ሲለቅሙ መሣሪያቸውን ጥለው ሄዱ፤ ኮራሉ በላዩ አደገበት።

ባልጩት ስል እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚገባቸው አሉ። በሐዲያም በጉራጌም ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች የባልጩት መፋቂያ በእንጨት እጀታ ላይ እያሰሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ የውጭ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች የድንጋይ ዘመንን ለመረዳት ከእነሱ ዘንድ መጥተው ተምረዋል። እነዚህ ባለሙያዎች በአካባቢያችን የሚገባቸውን ክብር አላገኙም። በአብዱር የኮራል ድንጋይ ውስጥ የተገኘውን ስለት አይቶ እንዴት እንደተጠረበ ማስረዳት የሚችል ሰው ካለ፣ ከእነሱ ወገን ነው የሚገኘው። መምህራን ወደ ክፍል ጋብዟቸው፤ ተማሪዎቹ ድንጋይ እንዴት እንደሚሰበር ከባለቤቱ አፍ ይስሙ።

አሁን ወደ ተለጠፈው ርእስ ልመለስ፤ በቀረኝ ደቂቃ በፍጥነት እሄድበታለሁ።

የዳናክልን ኮራል አምጥተን ገንዳ ውስጥ እንክተተው? አንክተተው። ቀዳዳው ከአንታሎው ይልቅ ክፍት መሆኑ እውነት ነው፤ ጀሶና ጨው ግን ተጣብቆበታል። ከሁሉ በላይ የኮራሉ አቀማመጥ ራሱ የባሕሩ ታሪክ ነው፤ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ያንን ታሪክ መናገር ያቆማል። ሕያው የባሕር ድንጋይ ከውጭ ማስመጣትም ቀላል አይደለም። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ፈቃድ ያስፈልጋል።

በአካባቢያችን ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለመንገድ የሚነጠፈው ሬድ አሽ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ብዙዎች እሱን ይጠይቁኛል። የእሱ ቀዳዳ ጋዝ አረፋ ሆኖ የወጣበት ነው፤ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ይገናኛል፣ ብዙው ተዘግቶ ይቀራል። ለሙከራ ይሆናል፤ ሹል ጠርዙን ሞርዱት፣ በደንብ እጠቡት። የመዳብ ምልክት ያለበትን፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዝገት የሚታይበትን ድንጋይ ግን ከነአካቴው አትንኩ፤ መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል።

ቀዳዳው ክፍት መሆኑን ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። ድንጋዩን በፀሐይ አድርቃችሁ መዝኑ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ላዩን በጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑ። አንድ ኪሎ ድንጋይ 200 ግራም ውሃ ከጠጣ 200 ሚሊ ሊትር ክፍት ሆድ አለው ማለት ነው። ከሁለት ድንጋይ ብዙ የጠጣውን ውሰዱ። አቼቶ ጠብ ስታደርጉበት የሚፈላው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ወገን ነው። የኖራ ድንጋይ የውሃውን ፒኤች ይጠብቃል የሚባለው ግን የተጋነነ ነው። የባሕር ውሃ ፒኤች 8.1 እስከ 8.4 ሲሆን በዚያ ደረጃ ድንጋዩ እምብዛም አይሟሟም። ኮራሉ የሚፈልገውን ካልሲየም፣ በሊትር 400 ሚሊ ግራም ያህሉን፣ በውሃው ውስጥ ማዘጋጀት የእናንተ ሥራ ነው።

እኔ የምመክረው ድንጋዩን ራሳችን እንድንሠራው ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ለዶሮ መኖ የሚሸጠው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሁለት እጅ፣ ደረቅ ደቃቅ ያልሆነ የአፍዴራ ጨው ሁለት እጅ። የተቃጠለውን ኖራ እንዳታደባልቁ፤ እጅ ያቃጥላል፣ ውሃውንም ያበላሻል። ጨውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ ውሃው ትንሽ ይሁን፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ቅርጽ አስይዙት። ሲጠነክር ውሃ ውስጥ ስትከቱት ጨው ይሟሟና በቦታው ቀዳዳ ይቀራል። የዳናክል ባሕር ለገንዳችን ድንጋይ የሚረዳው በዚህ ነው።

ያንኑ የአፍዴራ ጨው ለገንዳው ውሃ ግን አትጠቀሙ። በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 85 ከመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ነው። የምንበላው ጨው ይህ ቀሪ ክፍል የለውም። የሻላ ሐይቅን ውሃ ብናመጣስ ላላችሁኝ ተማሪዎችም መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ሻላ የሶዳ ውሃ ስለሆነ ካልሲየሙ ወርዶ አልቋል፣ ኮራል አይሠራበትም። ለባሕር ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ገዝታችሁ በሊትር 35 ግራም አድርጉ።

መጠኑ? ለመቶ ሊትር ከ12 እስከ 24 ኪሎ ድንጋይ የቆየ ልምድ ነው፤ ቀዳዳው ጥሩ ከሆነ ዝቅተኛው ይበቃል። በመስታወቱ ላይ አታስደግፉት፣ ውሃ ከኋላውም ይዙርበት። የሲሚንቶው ድንጋይ ግን ሲሠራ ፒኤቹ ከ12 ያልፋል፤ ወደ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ውሃ እየተለወጠለት ለሳምንታት ይዘፈዘፍ። በንጹሕ ውሃ አሳድራችሁት ፒኤቹ ካልተነሳ ደርሷል። ከዚያ ዓሣ ሳታስገቡ በጨው ውሃ ውስጥ አስቀምጡትና ጥቂት የዓሣ መኖ ጣሉበት፤ አሞኒያው ሲወጣ፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ ሲወጣ፣ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ በየጊዜው እየለካችሁ በደብተር ጻፉት። ዓሣ የሚገባው ሁለቱም ዜሮ ላይ ሲቆዩ ነው። ኮራል ደግሞ ከዓሣው በኋላ፣ ውሃው ለወራት ሳይናወጥ ከቆየ ወዲያ ይግባ። ጥያቄ ያለው ካለ አሁን እቀበላለሁ።