የጣና ሽርሽር ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሽርሽር ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



አዲስ የሚገቡትን ተማሪዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ጋር ለማስተዋወቅ በየዓመቱ የሚደረገው ሽርሽር ዘንድሮ እንዴት እንዲሆን ሐሳብ እንድናቀርብ ማኅበሩ አዞን ነበር። ነገሩ የጀልባ ኪራይና የምሳ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎን ነበር። ነገር ግን ኮሚቴው በተሰበሰበበት በመጀመሪያው ምሽት ከሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን፣ «ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ ሲማር ሰንብቶ በዕረፍቱ ቀን ደግሞ ሌላ ክፍል አናስገባው፤ ይዝፈን፣ ይሣቅ፣ ዓሣውን በልቶ ይመለስ» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «የማኅበር ገንዘብ ለጭፈራ አይወጣም፤ ሽርሽሩ ትምህርት ከሌለው ይቅር» ሲል መለሰ። ክርክሩ እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ቆየ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ሁለቱም ወገኖች እንደ ተሳሳቱ ለመናገር ነው። የተሳሳትነው እኛው ራሳችን ስለ ሆንን በማንም ላይ ወቀሳ አናቀርብም።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በአንደኛው ጀልባ ላይ የድምፅ ማጉያ ጭነን ነበር። ከወደቡ ከተነሣንበት ደቂቃ ጀምሮ ዘፈኑ አላቋረጠም፤ ወደ አንድ የገዳም ደሴት ስንጠጋም የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም። በባሕሩ ዳር ቆመው ይጠብቁን የነበሩ አንድ አረጋዊ መነኵሴ አልተቈጡም፤ «ልጆቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ፤ ግን ወዴት እንደ መጣችሁ የነገራችሁ ሰው የለም መሰል» ብቻ አሉን። ቢቈጡን ይሻለን ነበር፤ እጅግ አፈርን።

በሁለተኛው ጀልባ የነበሩት የገጠማቸው ሌላ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የነገሥታቱን ስምና ዘመን በስድስት ገጽ ጽፎ ይዞ ኖሮ፣ ከወደቡ እስከ ዘጌ ድረስ ሳያርፍ አነበበላቸው። ዘጌ ሲደርሱ ግማሾቹን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ማታ ሁለቱን ቡድኖች ሰብስበን፣ «ምን አያችሁ?» ብለን ብንጠይቅ የጨፈሩትም የተኙትም መልሳቸው አንድ ሆነ፤ ውሃ አየን፣ ዛፍ አየን፣ ቤተ ክርስቲያን አየን አሉ። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። እኛ ግን ዓባይን አይተን ምንጭ ያየነውን ያህል እንኳ ሳናመሰግን ተመለስን።

ይህ ለምን ሆነ? በእኛ አስተያየት ስሕተቱ ትምህርትንና ጨዋታን እንደ ሁለት ሸክም በአህያ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ለመጫን መሞከራችን ነው። አንዱ ሲከብድ ሌላውን እናቀላለን፤ አንዱ ሲቀል ደግሞ ድንጋይ እንጨምርበታለን። ሁለቱ ግን ከመነሻው የተለያዩ ሸክሞች አይደሉም። ሰው የሚደሰተው ያልጠበቀውን ነገር ሲያገኝ ነው፤ የሚማረውም እንዲሁ ነው።

ይህን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ሁላችንም በልጅነታችን ከእሳት ዳር ተቀምጠን «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» ብለናል። መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገሩንም ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አንድ ነገር እናስተውል። እንቆቅልሽ ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ አይናገርም። ሰሚው በመጀመሪያ ራሱ እንዲያስብ፣ እንዲሳሳት፣ እንዲሣቅበትም ያደርገዋል። መልሱ የሚመጣው ልጁ ከጓጓ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሳይረሳው ይኖራል። የባለ ስድስቱ ገጽ ወንድማችን ጥፋት ማስተማሩ አልነበረም፤ ማንም ሳይጠይቀው መመለሱ ነበር።

ሌላው ምስክር እዚያው ዘጌ ውስጥ ይገኛል። የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ያ ሥዕል ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ፊደል ላልቈጠረው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ ነው የተሣለው። የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንውሰድ። ሰው በላው፣ ለጥማተኛ ድኻ ስለ ሰጣት ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን አማላጅነት ሲድን ይታያል። ሕፃን ልጅ በመጀመሪያ ይፈራል፤ ቀጥሎ ሚዛኑን ያያል፤ ከዚያም፣ «ይህ ክፉ ሰው እንዴት ዳነ?» ብሎ እናቱን ይጠይቃል። ትምህርቱ የሚገባው በዚያች ጥያቄ በር ነው። ሠዓሊው ደስታውን ከትምህርቱ ለይቶ በሌላ ግድግዳ ላይ አልሣለም።

በሌላው ዓለም የተደረገውንም እንመልከት (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በስዊድን አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ ሰው በ1891 በስቶክሆልም ከተማ ስካንሰን የተባለውን ስፍራ መሠረተ። አሮጌ የገበሬ ቤቶችን ከየአውራጃው አስነሥቶ አምጥቶ ተከለ፤ በውስጣቸውም የአገር ልብስ የለበሱና የጥንቱን የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንዲታዩ አደረገ። ሕዝቡ ለሽርሽር ይመጣል፤ የአያቶቹንም ኑሮ አውቆ ይመለሳል።

ሚዛኑ የተዛባበትም አለ። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ የዲስኒ ኩባንያ በ1982 ኤፕኮት የሚባል ሰፊ መናፈሻ ከፈተ። ዓላማው የሳይንስን እድገትና የልዩ ልዩ አገሮችን ባህል በጨዋታ መልክ ማሳየት ነበር። በዚያ ውስጥ ስለ ኀይል ምንጮች የሚያስተምር ትርኢት ነበረ። ይህ ትርኢት በ2017 ተዘጋ፤ በ2022 በስፍራው የተከፈተው በፊልም ጀግኖች ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፈጣን የመጫወቻ ባቡር ነው። ትምህርቱ ሰውን ማጓጓት ሲያቅተው ጨዋታው ብቻውን ስፍራውን እንደሚወርስ ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችንም በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥቱ ግቢ የሚገኘው አንድነት ፓርክ በ2019 ለሕዝብ ተከፍቷል። የነገሥታቱ አዳራሾችና የአንበሶቹ ስፍራ በአንድ ግቢ ስለ ሆኑ፣ አንበሳ ለማየት የመጣ ሕፃን የዙፋኑንም ቤት አይቶ ሊመለስ ይችላል። ሐሳቡ መልካም ነው። እኛ ግን በባሕር ዳር አጥር ማጠርም ሆነ ቤት ማምጣት አያስፈልገንም፤ ሁሉም በተፈጥሮ ስፍራው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የጐደለን ጥያቄው ነው።

ስለ ጥያቄው ምሳሌ እንስጥ። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ይህን ቍጥር ለአዲሱ ተማሪ ብንነግረው በማግሥቱ ይረሳዋል። ነገር ግን ጀልባው በሐይቁ መካከል ሲደርስ፣ «ባለ ስድስት ፎቅ ቤት ጣና ውስጥ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ ቢቆም ይሰጥማል ወይስ አይሰጥምም?» ብለን እንጠይቀው። ብዙ ሰው ይሰጥማል ይላል። ጥልቀቱ 15 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ጣራው ከውሃው በላይ ይታያል። ያን ጊዜ፣ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ጥቂት የሆነ ሐይቅ ከየወንዙ በሚመጣ ደለል እንዴት እንደሚጐዳ፣ በ2011 የታየው እምቦጭም ዳርቻውን ለመውረር እንዴት እንደ ቻለ ለመስማት ጆሮው ይከፈታል።

ሁለተኛ ምሳሌ። ምሳ ላይ ዓሣው ሲቀርብ፣ «የጣናን ዓሣ ከሌላው የዓባይ ዓሣ የለየው አጥር የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሊቃውንት ላቤኦባርበስ ብለው በሚጠሩት ወገን ውስጥ በጣና እንጂ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች ከዐሥር በላይ ናቸው። አጥሩ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። 40 ሜትር ያህል የሆነውን ገደል ከታች ወደ ላይ የሚዘል ዓሣ ስለሌለ የሐይቁ ዓሦች ተለይተው ለብቻቸው ኖሩ፤ በብዙ ሺህ ዓመታትም ተለያዩ። በማግሥቱ ወደ ፏፏቴው የሚሄደው ተማሪ ውሃ ሲወድቅ ብቻ ሳይሆን አጥር ቆሞ ያያል።

ስለ ጢስ ዓባይ ካነሣን ግን አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብን። ባለፈው ዓመት በበጋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ስንደርስ፣ በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ተሥሎ የምናውቀውን ሰፊ ፏፏቴ አላገኘንም፤ ከጥቍሩ ድንጋይ ላይ ቀጭን ውሃ ይወርድ ነበር። ያስጐበኘን ሰው ስለ ቀድሞው ግርማ ብዙ ነገረን፤ ስለ አሁኑ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ከእኛ አንዱ በመንገድ ላይ ያገኛቸውን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ውሃው የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ወደ መብራት ሄዷል፤ ማታ ክፍልህ ውስጥ ታገኘዋለህ» አሉት።

ሽማግሌው እውነት ተናገሩ። በበጋ ወንዙ በተፈጥሮም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሰው እጅም አለበት። በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ1996 የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ለመቈጣጠር ተሠራ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተጨመረ። ለእነዚህ ማመንጫዎች የሚሄደው ውሃ ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከ2010 ወዲህም 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ ራሱ በዋሻ እየወሰደ ወደ በለስ ወንዝ ይልካል።

ይህን መናገር የጐብኚውን ደስታ ያበላሻል የሚሉ አሉ። እኛ እንደዚያ አናምንም። ያን ቀን በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ያወራነው ስለ ሽማግሌው መልስ ነበር። አንዱ፣ «ፏፏቴው ይሻላል» ሲል፣ በገጠር በኵራዝ ያጠናች እኅታችን፣ «መብራት ያልጐደለበት ሰው ነው እንዲህ የሚለው» አለችው። ከዚያ የበለጠ የደመቀ ጨዋታ በዓመቱ ውስጥ አልሰማንም። የሚያስደስት እንዲሆን ተብሎ እውነትን የሚሸሽግ ሽርሽር ጐብኚውን እንደ ሕፃን መቍጠር ነው።

ድንበርም አለ። ገዳም የመጫወቻ ስፍራ አይደለም። እዚያ የሚጸልዩ ሰዎች ለእኛ ትርኢት የተቀጠሩ አይደሉም፤ እኛ የእነርሱ እንግዶች ነን። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ሚዛን አንፈልግም፤ ዝም ብለን አክብረን እናያለን፣ ፎቶግራፍም የምናነሣው ስንፈቀድ ነው። እንዲሁም ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በሥርዓታቸው ሴቶችን ስለማያስገቡ፣ እኅቶቻችንን በጀልባ ላይ አስቀምጠን ወንዶች ብቻችንን የምንወርድበት ሽርሽር የማኅበር ሽርሽር ሊባል አይችልም። ሁላችንም አብረን ወደምንገባባቸው ወደ ዘጌ ገዳማት እንሂድ።

በዚህ መሠረት የሚከተለውን ለውሳኔ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ለየጀልባው አምስት አምስት እንቆቅልሽ ይሰጥ። መልሱ በወረቀት ላይ ሳይሆን በስፍራውና በሰዎቹ ዘንድ የሚገኝ ይሁን። ማርክ የለውም። የተሸነፈው ጀልባ እንደ ደንቡ አገር ይስጥ፤ የምሳውንም ሳህን ይጠብ።

ሁለተኛ፤ የድምፅ ማጉያ ኪራይ ይቅር። ከበሮና ክራር ይያዝ፤ በመመለሻው ጕዞ በሐይቁ መካከል የፈለገ እስኪደክመው ይዝፈን።

ሦስተኛ፤ ከማጉያው ኪራይ በተረፈው ገንዘብ ከነገደ ወይጦ አንድ የታንኳ ሠሪ ይጋበዙ። ብዙ ሰው ታንኳቸውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል፤ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰርና ለምን እንደሚንሳፈፍ ግን አይጠይቃቸውም። እኛ አንድ ሰዓት ከእጃቸው ሥር ቁጭ ብለን እንማር፤ የምንከፍላቸውም የአስተማሪ ዋጋ ይሁን እንጂ ጉርሻ አይሁን።

አራተኛ፤ በጢስ ዓባይ የውሃው ነገር ሳይሸሸግ ይነገር፤ ስለ ፏፏቴውና ስለ መብራቱም እዚያው በግራና በቀኝ ተከፍለን እንከራከር።

ጓዶች፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ጣና የሚመጣው እንግዳ እንደ ቀነሰ ታውቃላችሁ። ጀልባዎቹ ብዙውን ቀን ታስረው ይውላሉ። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ እስኪበዛ ድረስ የዚህ ሐይቅ ጐብኚ እኛው ነን። እኛ ሳናውቀው ብንቀር ነገ ለሚመጣው ምን እናሳየዋለን? እነዚያንም አረጋዊ አባት ዘንድሮ ሄደን ይቅርታ እንድንጠይቃቸው ኮሚቴው ተስማምቷል። ወዴት እንደ መጣን አስቀድመን ዐውቀን እንድንሄድ ሐሳባችንን በድምፃችሁ ታጸኑልን ዘንድ እንለምናለን።