ሥዕላዊ የልጆች መጻሕፍትና የአማርኛ ንባብ ትምህርት



በአንደኛ ክፍል ያስተማረ መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ልጁ መጽሐፉን ዘርግቶ፥ ጣቱን በመሥመሩ ላይ እያስኬደ፥ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያለ ስሕተት ይወጣዋል። መምህሩ ደስ ብሎት ከገጹ መካከል አንዱን ቃል ያመለክትና «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቀው ልጁ ዝም ይላል። ከዚያም ዓይኑን ወደ መጀመሪያው መሥመር ይመልስና፥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፥ ወደ ተጠየቀው ቃል እስኪደርስ ድረስ ይወርዳል። ገጹን ያነበበው ጆሮው እንጂ ዓይኑ አልነበረም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። የጥንቱ የኔታ አሳምረው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚያሸጋግሩትም ስለዚሁ ነው። «አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ» እያለ በሰያፍ የሚሄደው ረድፍ፥ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፥ ይኸውም 231ዱን ሆሄያት፥ ከለመዱበት ቦታ ያፈናቅላቸዋል፤ ልጁም በቦታቸው ሳይሆን በመልካቸው እንዲለያቸው ይገደዳል። ዘዴው ብልህ ነው። ሆኖም ፊደልን ለመለየት እንጂ ትርጉምን ለመያዝ የታሰበ አልነበረም። ቀጥሎ የሚመጣው መልእክተ ዮሐንስ በግእዝ ስለሆነ፥ ልጁ ንባብን የሚወጣው ገና በማያውቀው ቋንቋ ነው። ለቤተ ክህነት ትምህርት ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ትርጓሜው በጊዜው፥ በሌላ ጉባኤ ይመጣልና። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን የንባቡን ልማድ ወረሰና የትርጓሜውን ጉባኤ ሳይወርስ ቀረ።

ውጤቱም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክልሎች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ምዘናው የተካሄደው ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ ሲሆን፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ፥ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም እንዳልመለሱ አሳይቷል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሚገኙት፥ ቃሉን አንብበው ታሪኩን ያላገኙት ልጆች፥ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ናቸው።

ለእነዚህ ልጆች ከሚበጁት መሣሪያዎች አንዱ ብዙ ጊዜ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል፤ እርሱም በምናብ የተፈጠረ ታሪክ የያዘው ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። አንዳንድ መምህራን ሥዕሉን ማስዋቢያ ያደርጉታል። «ሥዕሉን እያየ ይገምታል እንጂ አያነብም» ብለው የሚሰጉም አሉ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም የአማርኛን አጻጻፍ ጠባይ ላስተዋለ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታየዋል።

የአማርኛ ጽሕፈት ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ አይለይም። «ገና ነው» የሚለው ጽሑፍ «ና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» የውሃው ዋና ይሁን ወይም ዋናው ነገር፥ ፊደሉ አይናገርም። ከሁሉ ይልቅ ለመምህር የምትጠቅመው «ዶሮው ይበላል» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ላልታ ስትነበብ ዶሮው ጥሬ ይለቅማል፤ ጠብቃ ስትነበብ ዶሮው ወጥ ሆኖ ይቀርባል። ሆሄያቱ አንድ ናቸው፤ ለዶሮው ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ ሁሉንም አላልቶ ይወጣዋል፤ ስለዚህም ያነበበው ነገር በቤቱ የሚናገረው አማርኛ መሆኑ እንኳ ይሰወርበታል። በአማርኛ አስተካክሎ ለማንበብ አስቀድሞ ነገሩን መረዳት ያስፈልጋል። እንግዲህ በ«ዶሮው ይበላል» አጠገብ ድስት የተጣደበት ሥዕል ቢኖር፥ ልጁ ሥዕሉን አይቶ «በ»ንና «ላ»ን ቢያጠብቅ፥ ይህ ማጭበርበር ሊባል አይገባም፤ የበሰለ አንባቢ ከዐውዱ የሚያደርገውን እርሱ ከሥዕሉ አደረገ እንጂ።

ነገር ግን ሥዕል ሁሉ አንድ አይደለም። «ዶሮ» ከሚል ቃል አጠገብ ዶሮ የተሣለበት ገጽ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ልጁን የሚጠይቀው ነገር የለውም። ሥዕሉና ቃሉ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ነው መጽሐፉ ማስተማር የሚጀምረው። ለዚህ እንግሊዛዊቷ ፓት ሃቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው፥ ሮዚ የምትባል ዶሮ በእግሯ ስትንሸራሸር የሚያሳየው መጽሐፍ፥ እስከ ዛሬ የተሻለ ምሳሌ አልተገኘለትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉ በሙሉ 32 ቃላት ያሏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ቃሉ የሚናገረው አንዲት ዶሮ በእርሻ ግቢ ውስጥ ተዘዋውራ ወደ ቤቷ መመለሷን ብቻ ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ከኋላዋ ቀበሮ አለ። ሊይዛት በዘለለ ቁጥር አንድ ነገር ያጋጥመዋል፤ መንሹ ፊቱን ይመታዋል፥ ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፥ ድርቆሽ ይቀብረዋል፥ ዱቄት ይዘንብበታል፥ በመጨረሻም ንቦች ያባርሩታል። ከ32ቱ ቃላት አንዱ እንኳ ስለ ቀበሮው አያወሳም። ዶሮዋም ዞር ብላ አላየችውም፤ ወይም አይታው እንዳላየች ሆናለች። ይህን ጥያቄ ልጆች ራሳቸው ያነሡታል፥ በክፍልም ውስጥ ክርክር ያስነሣል። መምህሩ መልሱን ለመስጠት ባይቸኩል መልካም ነው።

ይህ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ክፍል ሲገባ አንድ ተጨማሪ ጥቅም ይሰጣል። በእንግሊዝኛው የዶሮዋን መንገድ የሚያሳዩት ትንንሽ መስተዋድዶች ናቸው። አማርኛ ግን ይህን የሚገልጸው በቦዝ አንቀጽ ነው፤ «አቋርጣ፥ ዞራ፥ አልፋ፥ ሾልካ» እያለ ድርጊትን በድርጊት ላይ ይቀጥላል፥ ማሠሪያውንም ለመጨረሻ ያቆያል። በላይኛው ክፍል በሰዋስው መጽሐፍ ስሙ ሲጠራ ተማሪውን የሚያስጨንቀው ቦዝ አንቀጽ እዚህ በዶሮ እግር ይሄዳል። ልጆቹ ክፍሉን ግቢ፥ ዴስኩን አጥር አድርገው፥ አንዷ ዶሮ አንዱ ቀበሮ ሆነው መንገዱን ሲሄዱትና የቀሩት በቃል ሲከተሏቸው፥ ሰዋስው መማራቸውን ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም።

የአማርኛ ግሥ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ መምጣቱም ለሥዕላዊ መጽሐፍ የተመቸ ነው። መምህሩ ገጹን ከመግለጡ በፊት «ቀበሮው ተንደርድሮ መጣና ዶሮዋን…» ብሎ ያቆማል። ክፍሉ ይሞላዋል፤ አንዱ «ያዛት» ይላል፥ ሌላዋ «ሳታት»፥ ሦስተኛው «በላት»። ከዚያ ገጹ ይገለጣል። በዚህች አጭር ጸጥታ ውስጥ ልጁ ባለቤቱን፥ ተሳቢውን፥ ጊዜውን አስማምቶ አንድ ግሥ መርጧል። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው በክፍል ውስጥ የተለመደ ጥያቄ ግን የሚያስገኘው ስም ብቻ ነው፤ «ዶሮ»፥ «አጥር»፥ «ኩሬ»። «ምን እየሆነ ነው?» እና «ከዚያስ?» የሚሉት ጥያቄዎች ግሥ ይጠይቃሉ፤ ግሥ የሌለው አማርኛ ደግሞ ገና አልተናገረም።

አፍ መፍቻው አማርኛ ላልሆነ ልጅ ይህ የበለጠ ይጠቅማል። ቃሉን ከማግኘቱ በፊት ታሪኩን በሥዕሉ ይዞታልና፥ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ለጎረቤቱ እንዲተርክ ቢፈቀድለት ጊዜ አልጠፋም። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች በሰንበት አማርኛ የሚማሩ ልጆች ችግራቸው ሌላ ነው። ሁለት ቋንቋ በያዘ ገጽ ላይ ዓይናቸው ወደሚቀልላቸው ወደ እንግሊዝኛው ይሸሻል። በዚያ ያለ መምህር የእንግሊዝኛውን መሥመር በወረቀት ቍራጭ ሸፍኖ ሥዕሉንና አማርኛውን ብቻ ቢተው ይሻለዋል።

በምናብ የተፈጠረ ታሪክ ልጆችን ያስፈራል፥ ከእውነት ያርቃል የሚሉ ሰዎች በየአገሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ አራዊቱ ያሉበትን አገር የሚያሳየውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያሳትም ተመሳሳይ ተቃውሞ ደርሶበት ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ግን መጽሐፉ በአገሩ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የሚሰጠውን የካልድኮት ሽልማት አገኘ። ያለ እራት ወደ መኝታው የተሰደደው ልጅ ክፍሉ ዱር ሲሆንበት ሥዕሉ ከገጽ ገጽ እየሰፋ ይሄዳል፥ ቃሉም ቦታ ይለቅቃል። አራዊቱ ሲጨፍሩ ሦስት ተከታታይ ጥንድ ገጾች ቃል የለባቸውም። ለቋንቋ መምህር የመጽሐፉ እምብርት እነዚህ ዝም ያሉ ገጾች ናቸው፤ ቃሉን የሚያመጡት ልጆቹ ናቸውና። ልጅ ሲያስቸግር «ጅብ ይመጣብሃል» እያለ ያሳደገ አዋቂ በሥዕል ስላለ አውሬ ቢጨነቅ ደግሞ ጥቂት ያስገርማል። የመጽሐፉ ልጅ ሲመለስ እራቱ ገና ትኩስ ነው፤ ጅቡ ግን በጨለማው ውስጥ ይቀራል።

ሥዕልን ማንበብ ለኢትዮጵያ ልጅ ባዕድ ነው ማለትም አይቻልም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ታሪክን የሚከታተል ምእመን ፊደል ባይቆጥርም ያነባል። በልማዱ አሣሣል ደጋጎቹ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይን፥ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የንግሥተ ሳባ ታሪክም በተከታታይ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ረድፍ በረድፍ እየወረደ፥ ልክ እንደ ጽሑፍ ይሄዳል። መምህሩ እንዲህ ያለ ሥዕል ይዞ ቢገባና «ክፉው የትኛው ነው? በምን ዐወቃችሁ?» ቢል፥ «ምክንያቱም» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከልጆቹ አፍ ያገኛል።

ከአገር ውስጥ ተረቶች የማሞ ቂሎ ተረት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይህን ተረት እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሥዕላዊ መጽሐፍ አድርገው አውጥተውታል፤ በማግሥቱ ዓመትም በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፥ በአዋሳ ደግሞ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች እንዲሄዱ አድርገዋል። ማሞ የእናቱን የትናንት ምክር ለዛሬው ነገር የሚያውል ልጅ ነው። «በእጅህ ያዝ»፥ «በራስህ ተሸከም»፥ «በትከሻህ አድርገው» የሚሉት ትእዛዞች ልጆቹ ከማሞ ቀድመው ስሕተቱን ያዩታልና በሣቅ መካከል ይያዛሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ክፉ ልማድ አለ። ተረቱ እንዳለቀ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ይባላል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ሞኝ መሆን አይገባም!» ይላሉ፥ ነገሩም ይዘጋል። ቀድሞ በምድጃ ዳር አያት ተረት ስትጨርስ የልጆቹ የመጀመሪያ ቃል «ድገሚልን» ነበር። ሁለተኛው ንባብ ከምክሩ ይበልጥ ያስተምራል፤ ልጁ ታሪኩን ስለሚያውቀው ዓይኑን ወደ ቃላቱ የሚያሳርፍበት ጊዜ ያገኛልና።

«መጽሐፉ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ስብሰባ ይነሣል፥ ተገቢም ነው። 60 ልጆች ባሉበት ክፍል አንድ መጽሐፍ ቢገኝ እንኳ ሥዕሉን የሚያዩት የፊት ወንበሮች ናቸው። በየትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ መምህራን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ፊደልና የሰውነት ክፍል እየሣሉ ኖረዋል፤ በዚያው ከረጢት አምስት ወይም ስድስት ትዕይንት ያለው ታሪክ ሊሣል ይችላል። ሥዕሉ ያማረ መሆን የለበትም። ቀበሮው ውሻ ቢመስል ልጆቹ ያርሙታል፥ ለማረምም መናገር አለባቸው።

ልጆቹም ራሳቸው መሣል አለባቸው፤ ትክክለኛው ምዘና ያለው እዚህ ነው። መምህሩ ያለ ምንም ሥዕል በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዶሮው ይበላል» ብሎ ይጽፍና ሳያነበው «ያያችሁትን ሣሉ» ይላል። ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ በአንዳንዱ ላይ ጥሬ የሚለቅም ዶሮ፥ በአንዳንዱም መሶብ ይገኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ልጆች፥ አንዱ ዶሮ ሌላዋ መሶብ የሣሉት፥ ተነሥተው በየተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ይደረጋል፤ የቀረው ክፍልም ዓይኑን ጨፍኖ የማንን ሥዕል እንዳነበቡ በጆሮው ይለያል።