ከቴሌቪዥን መስኮት ወደ ምድጃ ዳር

ስለ ጥያቄና መልስ ጨዋታ የቤት አጠቃቀም ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር




በመንዝ ደጋ ከራት በኋላ፣ የምድጃው እሳት ገና ሳይከስም፣ አንድ ልጅ «እንቆቅልሽ» ብሎ ሲጀምር የተጠየቀው ሰው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበለዋል። በዚህች አጭር ልውውጥ ውስጥ አንድ ሙሉ ውል አለ። ጠያቂው ጥያቄ መያዙን ያስታውቃል፤ ተጠያቂውም አለማወቁን አስቀድሞ አምኖ ለመፈተን ይቀርባል። ከዚያም «አምና በግ ለበሰው፤ ዘንድሮ ሰው ለበሰው» የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ባና የደረበ የመንዝ ልጅ መልሱን ከገዛ ትከሻው ላይ ያገኘዋል። መልሱ የጠፋበት ግን «አገር ስጠኝ» ይባላል። መርሐ ቤቴን ቢሰጥ፣ ጠያቂው አይበቃኝም ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ጎጃምን ወይም ጎንደርን ሲጨምርለት ተቀብሎ በተሰጠው አገር ሄዶ እንዴት እንደ ተንደላቀቀ ያወራል፤ በተሸናፊውም ላይ ይቀልዳል። መልሱን የሚገልጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ጨዋታ ጠያቂ፣ ተጠያቂ፣ ሕግ፣ ቅጣትና ዳኝነት የተሟሉለት የቤት ውስጥ ውድድር ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን መስኮት ከሚታዩት የጥያቄና መልስ ውድድሮች ጋር ሲነጻጸር የሚጐድለው መብራትና የገንዘብ ሽልማት ብቻ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም የቴሌቪዥኑ ውድድር ወደ ቤት በሚገባበት ጊዜ ከምድጃው ጨዋታ ጋር እንዴት ሊስማማ እንደሚችል፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ደግሞ ምን እንደሚጠፋ ማሳየት ነው።

በመሠረቱ የቴሌቪዥኑ ውድድር ራሱ ከቤት የወጣ ነው። በአሜሪካ «ሃያ ጥያቄዎች» የተባለው ዝግጅት በ1946 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ ቤተሰቦች በእልፍኛቸው ሲጫወቱት የኖሩትን ጨዋታ ወደ አደባባይ አወጣው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የመልስ ጉዞ ነው። የመጫወቻ አምራቾች በመስኮቱ የታየውን ውድድር በካርቶን ሣጥን አሽገው ለቤተሰብ መሸጥ ጀመሩ። ሚልተን ብራድሌይ የተባለው ኩባንያ «ፓስወርድ» የተባለውን የቃል ውድድር በ1962 እ.ኤ.አ. ለቤት አዘጋጀው። ቃሉ በቀይ ቀለም ተሸፍኖ በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ቀይ መስኮት ባለው ማቀፊያ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይነበባል። ተጫዋቹ ያየውን ቃል ለጓደኛው የሚያስረዳው በአንድ ሌላ ቃል ብቻ ነው። ይህ ጨዋታ ምን ያህል እንደ ተወደደ ለማወቅ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ 24 ጊዜ በየተራ መታተሙን መመልከት ይበቃል። የእትሞቹ ቁጥር 25 የደረሰውም ኩባንያው 13 ቁጥርን እንደ ገደ ቢስ ቈጥሮ ስለ ዘለለው ነው።

እነዚህን ሣጥኖች የሠሩ ሰዎች አንድ ችግር ነበረባቸው። በስቱዲዮ ያለው ዕቃ፣ አዘጋጁ፣ ደወሉና ሽልማቱ በቤት አይገኙም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውድድር የጨዋታውን ፍሬ ነጥለው ማውጣት ነበረባቸው። የፓስወርድ ፍሬ የቃላት ዝምድና ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ጄፐርዲ» ፍሬው መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶ ጥያቄውን ከተወዳዳሪው መፈለጉ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ፋሚሊ ፊውድ» ደግሞ 100 ሰዎች ለአንድ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ሁለት ቤተሰቦች እንዲገምቱ ያደርጋል። እዚህ ላይ ትክክለኛ ተብሎ የሚቈጠረው ብዙ ሰው ያለው ነው። በአገራችንም በኢ.ቢ.ኤስ. የቀረበው «የቤተሰብ ጨዋታ» ቤተሰብን ከቤተሰብ ጋር በማወዳደር ተመልካች አግኝቷል።

ፍሬው ከታወቀ ሣጥኑን መግዛት አያስፈልግም። የመሐል ሜዳ ወይም የሞላሌ መምህር ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ሦስቱንም ጨዋታዎች ሊያዘጋጅ ይችላል። «ባና» የሚለውን ቃል የያዘ ልጅ ለጓደኛው «ሱፍ» ይለዋል፤ ካልገባው ሁለተኛው ቡድን «ብርድ» ብሎ ይሞክራል። በዚህ መንገድ ተመሳሳይና ተቃራኒ ቃላት በሰሌዳ ላይ ከሚሰለፉበት ጊዜ ይልቅ በልጁ አእምሮ ይቀረጻሉ። በሁለተኛው ጨዋታ መምህሩ «ጓሳ» ብሎ መልሱን ይሰጣል። አንዱ ተማሪ «የመንዝ ሕዝብ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ፣ ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የመንዝ ደጋ የት ነው?» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥያቄ መሥራት ከመመለስ የበለጠ ዕውቀት እንደሚጠይቅ ተማሪው የሚረዳው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የአካባቢውን ዕውቀት የሚፈልግ ነው። «ሰው ገበያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው የምንን ዋጋ ነው?» ተብሎ 100 ሰው ቢጠየቅ፣ በመንዝና በግሼ ደጋ የበግና የገብስ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። በዠማና በወንጪት ወንዞች መካከል ባለችው መርሐ ቤቴ፣ ወደ ቈላው ሲወረድ፣ ጤፍና ማሽላ ይቀድሙ ይሆናል። ስለሆነም የዓለም ከተማ ተማሪዎች የሠሩት ጨዋታ ለራብኤል ተማሪዎች እንዳለ አያገለግልም፤ ሌላ አገር ተሠርቶ በሣጥን የመጣውማ ለሁለቱም አይሆንም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ወደ ገበያ ወጥተው መጠየቅ፣ መልሱን መመዝገብ፣ መደመርና በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል። ይህ ሒሳብም፣ የኅብረተሰብ ትምህርትም፣ የመስማት ልምምድም ነው።

ይሁን እንጂ ከመስኮቱ የሚመጣው ሁሉ ወደ ቤት ሊገባ አይገባውም። በመጀመሪያ ሽልማቱ ውጭ ይቅር። በአሜሪካ «ቱዌንቲ ዋን» የተባለው ውድድር ብዙ ገንዘብ የሚያሸልም በመሆኑና አዘጋጆቹም የተመልካችን ልብ ለመስቀል በመፈለጋቸው፣ መልሱ ለተወዳዳሪ አስቀድሞ ይነገር ነበር። ቻርልስ ቫን ዶረን የተባለው ዝነኛ ተወዳዳሪ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ሳለ፣ ይህንኑ በ1959 እ.ኤ.አ. በአገሩ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት አመነ። በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። በእንቆቅልሽ ግን የሚሸለመው አገር በቃል የሚሰጥና በሳቅ የሚያልቅ ስለሆነ ማንንም ለሐሰት አይጋብዝም። ጎጃምን ያጣ ልጅ በማግስቱ ጎጃምን እንደገና ሊሰጥ ይችላል። በዚህም መካከል የአገሩን ክፍሎች በስም ያውቃል።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ጊዜ ነው። የቴሌቪዥን ጠያቂ ተመልካቹን አይጠብቅም። በቤት ያለው ልጅ መለሰም አልመለሰም መልሱ በሰዓቱ ይመጣል፤ ስለሆነም ልጁ ቀስ በቀስ ማሰቡን ትቶ መልሱን መጠበቅ ይለምዳል። የኢትዮጵያ መምህራን ይህን በሌላ መልክ ያውቁታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ሲሰጥ፣ በመስኮቱ ያለው መምህር ጥያቄ አቅርቦ የሚሰጠው ጥቂት ሰከንድ ለብዙ ተማሪ አልበቃም፤ ተማሪው እጁን ከማንሣቱ በፊት ትምህርቱ ወደ ፊት ይሄድ ነበር። የምድጃው ጠያቂ ግን ይጠብቃል። ተጠያቂው እስኪመልስ ወይም ራሱ አገር እስኪሰጥ ድረስ መልሱን አያወጣም። አገር የመስጠቱ ድርድር ራሱ ለማሰብ የተጨመረ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ነገር የመጠየቅ መብት ነው። በደጋው ቤት ልጅ በታላላቆች ፊት ብዙ እንዳይናገር ይመከራል፤ ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት ይላል። በእንቆቅልሽ ሰዓት ግን ይኸው ልጅ አባቱን ወይም አያቱን ሊጠይቅ፣ ቢረታቸውም አገር ሊቀበላቸው ይችላል። ይህ ለአንድ ሰዓት የሚሰጥ ፈቃድ ትንሽ ነገር አይደለም። ዶናልድ ሌቪን የመንዝን ኑሮ አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ በሰምና ወርቅ ስም መጠራቱ፣ ንግግርን ሸፍኖ የመናገርና ገልጦ የመረዳት ጥበብ በዚህ ሕዝብ ዘንድ ያለውን ቦታ ያስታውሳል። ልጅ ይህን ጥበብ የሚጀምረው ከእንቆቅልሽ ነው። ቴሌቪዥኑ በምድጃው ቦታ ተተክቶ ቤተሰቡ ሁሉ ተመልካች ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ዝምታውን እንደ ያዘ ያድጋል፤ የሽማግሌዎቹም ጥያቄ አብሯቸው ያልፋል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር የቅርቡን ዘመን ያስታውስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደረገ፤ መብራትና መቀበያ የሌለው የገጠር ልጅ ግን ከዚያ ተካፋይ ሊሆን አልቻለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በብዙ ወረዳ ትምህርት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለልጁ የሚቀረው ትምህርት ቤት ቤቱ ነው። በቤቱ የሚጠይቀውና የሚጠብቀው ሰው ካለው፣ ፊደሉንና ቍጥሩን ባይረሳ፣ ከሁሉም በላይ የማወቅ ፍላጎቱን ባያጣ አያስደንቅም። እናት ወይም አያት ማንበብ ባይችሉ እንኳ እንቆቅልሽ መጠየቅ ይችላሉ።

ስለዚህ ከመምህራን የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ተማሪዎች ከቤታቸው የሰሙትን እንቆቅልሽ ከነመልሱ፣ ከተናገረው ሰው ዕድሜና ከሰፈሩ ጋር ጽፈው እንዲያመጡ ማድረግ ይቻላል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ያሳተሙት ጥናት ጨዋታ ተሰብስቦ ሲጻፍ ለትውልድ እንደሚቈይ ያሳያል። በመስኮት የታየውን ውድድር ፍሬውን ብቻ ወስደው በአካባቢያቸው ጥያቄ እንዲሞሉት መርዳት ይቻላል። የተሠራው ጨዋታም በክፍል ቀርቶ እንዳይረሳ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ይዞት እንዲሄድና በማግስቱ ማን ማንን እንደ ረታ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር አሳይቷል፤ ወደ ፊትም ያሳያል። መስኮቱን መዝጋት አይቻልም፤ መዝጋቱም አይጠቅም። ነገር ግን ዝግጅቱ ሲያበቃና መስኮቱ ሲጠፋ፣ በዚያች ጸጥታ ውስጥ አንድ ልጅ «እንቆቅልሽ» ቢል፣ «ምን አውቅልህ» የሚለው ሰው አጠገቡ ሊገኝ ይገባል። የማኅበሩ አባላት ድካም ይህን ሰው ለእያንዳንዱ ቤት ለማስገኘት ይሁን።