የእንዶዱ ሊቅ፤ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

(በቴፒ ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት የምንሰማቸው ስሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ስሞች ናቸው። በ1856 ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም ያወጣው ፐርኪን፥ የዕፀዋትን አልካሎይድ መርምሮ በ1947 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሮቢንሰን፥ ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው። እነዚህን ማክበር የሚገባ ነው። ነገር ግን በዚያው በውሕዶች መዝገብ ውስጥ «ለማቶክሲን» የሚባል ስም ይገኛል፤ ስሙም የተወሰደው ከአንድ ኢትዮጵያዊ ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለ እኚህ ሰው ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በማዕርጋቸው ኬሚስት አልነበሩም፤ በጥገኛ ትላትል የሚመጡትን በሽታዎች የሚመረምሩ ሊቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ የሥራቸው ምሰሶ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም «በዚህች ፍሬ ውስጥ ሆኖ የሚገድለው ነገር ምንድን ነው?» የሚል ነው።

በ1964 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዐድዋ ወርደው ሳለ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጦች በብዛት አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ መንገድ ይቋረጣል። ልብስ አጣቢዎቹ ፍሬዋን ከእናቶቻቸው ወርሰው በየቀኑ ይሠሩባት ነበር። አክሊሉ ያደረጉት ነገር ይህን ያገር ዕውቀት ሳይንቁ ወደ ላቦራቶሪ ማግባት ነው።

በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂን ተቋም አቋቋሙ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ያሉ ኬሚስቶች የእንዶድን ሳፖኒን ለይተው አወጡና አንዱን ለማቶክሲን አሉት። የዚህ ውሕድ አሠራር ለማናችንም ግልጥ ነው። አንደኛው ወገኑ ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባል፥ ዘይትን የሚወድ አካል ሲሆን፥ በሌላው ወገን ውኃን የሚወዱ ስኳሮች ተያይዘውበታል። ከዚህም የተነሣ እድፍን ከውኃ ጋር ያስማማል፤ አረፋም ይሰጣል። ይኸው ጠባዩ የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳል። ዓሣንም መግደሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውኃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ስለሚፈርስ መርዙ አይከማችም።

ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ወንዞች በእንዶድ በተደረገው ሥራ በሽታው በትንንሽ ሕፃናት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል የሚበልጠውን መርጠው ቁጥር 44 የተባለውን አገኙ። ሁለቱም በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ ሃያ አምስት ዓመት ማለፉን ልብ እንበል። ባገር ውስጥ የተደረገው የደኅንነት ፈተና አይበቃም ስለ ተባለ፥ በውጭ ላቦራቶሪ እንደገና መፈተን ግድ ሆነ፤ ገንዘቡም ጊዜውም ከዚያ ላይ አለቀ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት መጣ፤ ዛሬም በሽታውን ለማከም በዋናነት የሚሠራበት እርሱ ነው። በኋላም በሰሜን አሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን «ዜብራ መስል» የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ታወቀ። አክሊሉ ራሳቸው በሥራው ቢካፈሉም፥ የፓተንቱ መብት የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ፕሮፌሰር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም ብዙ ዘመን ካገለገሉ በኋላ በ1997 ዐረፉ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ ታሪክ የዐድዋ ብቻ አይደለም። ቢልሃርዝያ ከእኛው አጠገብ በሚዛን አማን በተማሪ ሕፃናት ላይ ተገኝቷል። አክሊሉ በዐድዋ ወንዝ በቆሙበት በዚያው ዘመን፥ በ1964 እና 1965፥ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መልእክተኞች ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰበሰቡ፤ ዘሩም ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ሄደ። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከሄደው ዘር ከበቀሉት መካከል ካፌይን የሌላቸው ያህል የሚቆጠሩ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን ለዓለም ገለጡ። ብራዚላውያን ሥራቸውን ሠሩ፤ አንወቅሳቸውም። የምንጠይቀው ራሳችንን ነው። ቡናው፥ ኮረሪማውና ጥምዙ በደጃችን ሳሉ ውስጣቸውን የምንመረምረው መቼ ነው?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ባለቤቱ የሚከበረው ደግሞ ያለውን ዐውቆ መዝግቦ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በዕረፍት ወደ የቤታችን ስንመለስ እናቶቻችንና አባቶቻችን በየትኛው ቅጠል ምን እንደሚሠሩ፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ ከባለ ዕውቀቱ ስም ጋር እንጻፍ። ሁለተኛ፥ በዚሁ በቴፒ ካለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ጋር መምህራኖቻችን እንዲያገናኙን እንለምን። ሦስተኛ፥ የመመረቂያ ጥናታችንን ከሌላ አገር መጽሐፍ ከመቅዳት ይልቅ ባካባቢያችን ዕፅ ላይ እናድርገው።

የዐድዋዎቹ ልብስ አጣቢዎች ስማቸው በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። የሚቀጥለው ውሕድ ከዚህ ደን ሲወጣ ግን ያሳዩት ሰዎች ስም አብሮ እንዲጻፍ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።