ስለ ንባብ የተነገረ ቃል
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለተሰበሰበው ሕዝብ የቀረበ



በዚህ በደብራችን በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። የደብሩን ታሪክ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አባቶች አሉ። ስለዚህ የእነርሱን ድርሻ ለእነርሱ ትቼ፥ ዕድሜዬን ሁሉ የኖርሁበትን ነገር፥ ይኸውም ንባብን፥ ልናገር ወደድሁ። ንባብ ሰውን እንዴት እንደሚሠራው፥ ደግሞም መጽሐፍ በእጅ ስልክ ውስጥ በገባበት በዛሬው ዘመን ይህ ሥራው እንዳይቋረጥ ምን ማድረግ እንደሚገባን፥ አሳቤን በአጭሩ እገልጻለሁ።

በንባብ ቤት ያለፋችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፥ አባቶቻችን ንባብን በአንድ ጊዜ አይሰጡም ነበር። ልጁ ፊደሉንና አቡጊዳውን ከለየ በኋላ ቁጥር ይጀምራል፤ ቁጥር ማለት እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እየነኩ አንድ በአንድ መጥራት ነው። ከዚያም ወደ ግዕዝ ንባብ ይሻገራል፤ ፊደሉን ከፊደል እያያያዘ በዝግታ ቃል ያደርገዋል። ቀጥሎ ውርድ ንባብ ነው፤ በመጨረሻም ቁም ንባብ። ተነሺውን ከወዳቂው፥ ተጣዩን ከሰያፉ ሳይለይ ያነበበ እንደ ሆነ፥ መምህሩ «ተመለስ» ይለዋል፤ የሚነሣው ቃል ሲወድቅ፥ የሚወድቀውም ሲነሣ ንባቡ ይበላሻልና።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነው? የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው። ልጁ የሚማረው ፊደልን ብቻ አልነበረም፤ ትዕግሥትንም ነበር። በአንድ ቃል ፊት መቆምን፥ ተሳስቶ መመለስን፥ ያልገባውን «አልገባኝም» ማለትን ይማር ነበር። ይህን በልጅነቱ የተማረ ሰው፥ ካህንም ቢሆን ገበሬም ቢሆን፥ ነገር ሳይጨርስ አይፈርድም፤ ወሬ ሳያጣራ አያወራም።

መጽሐፍም ብርቅ ነበረ። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ተወጥሮ፥ ተፍቆ፥ ደርቆ ብራና ይሆናል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጸሐፊውም ብዙ ቀን ይደክማል። ስለዚህ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፥ ከዲማ ወደ ደብረ ወርቅ ሲዞር፥ የሚፈልገው መጽሐፍ ሳይሆን መምህር ነበረ። ከመምህሩ አፍ የሰማውን በልቡ ጽፎ ይሄዳል፤ በመጨረሻም መጽሐፉ እርሱ ራሱ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ንባብ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያወጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ የዚህ አገር ሰው፥ ቋንቋው ከየት ምንጭ እንደ ተቀዳ አይጠፋውም። ያም መጽሐፍ፥ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ በተረከው ጊዜ፥ ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ሰምቶታል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ሁሉ የንባብ ጠላት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ራዲዮው መጽሐፉን ወደማይደርስበት ቤት አድርሶታልና።

ዛሬ ደግሞ ከራዲዮ የሚበልጥ መሣሪያ በየልጆቻችን እጅ አለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ፥ በፊደላችን በኮምፒዩተርና በስልክ ለመጻፍና ለማንበብ መንገድ ተከፍቷል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው በለንደን ከሚገኙት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት እንዲታዩ ተደርገዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ መጻሕፍት ብዙ ሺህ በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመን ደክመው ዝርዝራቸውን ጽፈዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹን በአሜሪካ በሚኒሶታ ያለው ቤተ መጻሕፍት ማንም እንዲያነባቸው ከፍቷቸዋል። እኔ በወጣትነቴ አንድ መጽሐፍ ለማየት የሦስት ቀን መንገድ በእግሬ ሄጄ፥ ጠባቂው ከሩቅ ብቻ አሳይተውኝ ተመልሻለሁ። ዐምና አንድ ተማሪዬ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ በስልኩ አውጥቶ በፊቴ በዘረጋልኝ ጊዜ፥ እንባዬን መግታት አልቻልሁም። ይህን ያህል በረከት ያመጣን መሣሪያ መርገም አይገባም።

ነገር ግን ይኸው ስልክ ሌላም ነገር አሳየኝ። አንድ ቀን ማታ ተማሪዎቼ ቅኔያቸውን ሲነግሩኝ፥ ገና ጉባኤ ቃና የሚቈጥር ልጅ መወድስ ይዞ መጣ። ቤቱ የሞላ፥ አገባቡ የጠና፥ ምሥጢሩም የረቀቀ ነበረ። «ልጄ፥ ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?» አልሁት። ዝም አለ። ደግሜ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። ኋላም «የኔታ፥ ከቴሌግራም ያገኘሁት ነው» አለኝ።

ልቈጣው ተነሥቼ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ከዚያ በፊት በነበረችው ሌሊት እኔ ራሴ በስልኬ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ስዘል እስከ እኩለ ሌሊት አምሽቼ፥ ሲነጋ ያነበብሁትን ባስብ፥ ላስታውሰው የምችል አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁም ነበርና። እርሱ ያልገባውን ተናገረ፤ እኔ የማልይዘውን አነበብሁ። በሽታችን አንድ ነው። ሁለታችንም ቁጥሩን ዘልለን ቁም ንባብ ለመድረስ የቸኰልን ልጆች ሆነን ተገኘን።

ስለዚህ አልቀጣሁትም። «ስልክህን ከእኔ ዘንድ አኑርና ነገ ወደ ዱር ውጣ፤ ሁለት ቤት ብቻ ይዘህ ና» አልሁት። በማግሥቱ ማታ አንዲት ጉባኤ ቃና ይዞ መጣ። አንዱ ቤት ጎደሎ ነበረ፤ አገባቡም መታረም ነበረበት። ነገር ግን ሰሙን ብጠይቀው ነገረኝ፤ ወርቁንም ብጠይቀው ነገረኝ። ከዚያ ከተዋበው መወድስ ይልቅ በእርሷ ደስ አለኝ፤ የራሱ ነበረችና።

ደግሞ አንድ ነገር አስቡልኝ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። ጥቂት ቈይቶም በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የለንደኑ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተመትቶ፥ በፎቶግራፍ ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍቱ ለረጅም ጊዜ የሚታዩበት መንገድ ጠፋ። እኛም፥ ያ ባለጠጋ አገርም፥ በአንድ ዘመን መዝገባችን ተዘጋብን። በዚያ ወራት ዳዊቱን በቃሉ የያዘ ሰው ግን ጸሎቱ አልታጐለበትም፤ ቅኔውን ከልቡ የሚያወጣ መምህርም ጉባኤውን አልፈታም። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ በስልክ ያለ መጽሐፍ በጎረቤት ጎተራ እንዳለ እህል መሆኑን ነው። ጎረቤቱ ደግ ቢሆን እንኳ፥ በሩ የተዘጋ ዕለት የሚያበላን በገዛ ቤታችን ያስገባነው ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምመክረው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ወላጆች ሆይ፥ ማታ ማታ ጥቂት ጊዜ ስልኩን ሁሉ በአንድ ስፍራ አስቀምጣችሁ፥ ከልጆቻችሁ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ እናንተም «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ማንበብ የማይችል አባት መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ልጁን ያስተምረዋል። ሁለተኛ፥ ተማሪዎች ሆይ፥ ከስልክ ያገኛችሁትን መልካም ነገር በገዛ እጃችሁ በደብተራችሁ ገልብጡት፤ እጅ ሲጽፍ ዐይን ይቆማል፥ ልብም ይይዛል። የሌላውን ቅኔ ግን ትማሩበት ዘንድ እንጂ ትነግሩት ዘንድ አትውሰዱት። ሦስተኛ፥ እኛ መምህራን፥ ስልክን በመከልከል ብቻ የምናሸንፍ አይምሰለን። የብራና መጻሕፍቶቻችን በጥንቃቄ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ነገር ግን ፎቶግራፉን የሚያነብ ልጅ ካላወጣን፥ መልኩን አትርፈን ቃሉን እናጣዋለን።

የአገራችን ስም ደብረ ወርቅ ነው። ቅኔ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ወርቅ ያለ ሰም አይወጣም፤ በሰሙ ብቻ የቀረ ሰው ግን ምሥጢሩን አያገኝም። ብራናውም፥ የታተመው መጽሐፍም፥ ስልኩም ሰም ናቸው። ወርቁ አንብቦ የተመከረ፥ ተመክሮም ለሌላው የሚተርፍ ሰው ነው። የዚህ ደብር ክብርም ወደ ፊት በዕቃ ቤቱ ባሉት መጻሕፍት ቍጥር ብቻ ሳይሆን፥ በውስጡ በሚወጡት አንባቢዎች እንዲታወቅ እመኛለሁ።

 እግዚአብሔር አምላክ የሚያነቡትንም የሚያስነብቡትንም ይባርክልን፤ ለከርሞው በዓልም በሰላም ያድርሰን። አሜን።