ለሚቀልጥ በረዶ ምን ዓይነት ስኪ?

በምሩቃን ማኅበራችን መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው «እባክሽ፣ ከሕክምና ትንሽ ወጣ ያለ ነገር አምጪልን» ሲለኝ ደስ ነው ያለኝ። እንዳያችሁት ርዕሴ ስኪ ነው። «ምን ነካት?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ግን ታገሡኝ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው።

የምሠራው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ውስጥ በቤተሰብ ሐኪምነት ነው። እዚያ የእኛ ሰው ብዙ ነው። መጋቢት አጋማሽ ሲሆን፣ ተራራው ገና ነጭ ሆኖ ከተማው መሞቅ ሲጀምር፣ ወላጆች ይመጡና «ዶክተር፣ ልጆቹ ስኪ ካልወሰዳችሁን ብለው አስጨነቁን፤ ምን እንግዛ?» ይሉኛል። የክረምቱ ማለቂያ ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል፣ ብርዱም ይለዝባል፤ ስለዚህ አዲስ ጀማሪ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰሞን ነው። ችግሩ፣ በረዶው ለጉልበት አስቸጋሪ የሚሆነውም ልክ በዚሁ ሰሞን መሆኑ ነው።

ስኪ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ነው የሚል ካለ ሮቤል ተክለማርያምን ያስታውስ። በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች ባንዲራችንን ይዞ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። እኔ የማወራው ግን ከተራራ ቁልቁል ስለሚወረድበት ስኪ ነው።

መጀመሪያ በረዶውን እንመርምር። መምህሮቻችን «በሽተኛውን ሳታዩ መድኃኒት አትጻፉ» ይሉን አልነበር? እዚህም ያው ነው። በጥር የሚወርደው በረዶ ደረቅና ቀላል ነው፤ የተነደፈ ጥጥ ይመስላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል። ይህ ሲደጋገም ቅንጣቶቹ ይድበለበሉና ጥሬ ጨው ይመስላሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት በረዶ ታገኛላችሁ። በማለዳ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ላዩ ብቻ ይለሰልሳል፤ የሚጣፍጠው ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይቆለላል። እኔ ይህን የመጨረሻውን «ገንፎ» ነው የምለው፤ እግር ከገባበት አይለቅማ!

እንግዲህ ለገንፎው የሚሆነው ስኪ የትኛው ነው?

አንደኛ ወርዱ ነው። የስኪ ወርድ የሚለካው መሐሉ ላይ፣ ከጫማው ሥር ባለው ቦታ ነው። ለተደመደመና ጠጣር በረዶ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለእርጥቡ ግን ቀጭኑ ይሰጥማል፤ ስለዚህ ከ90 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ያለው ይመረጣል። «ታዲያ ለምን 120 አልገዛም?» ብትሉ፣ ጠዋት ላይ ያለውን ጠጣር በረዶ አትርሱ። በጣም ሰፊ ስኪን በጠርዙ ለማቆም ጉልበት ብዙ ይታገላል፤ ረጅም ዘንግ ያለው ማንሻ እንደማለት ነው። ለአንድ ቀን ሁለቱንም በረዶ ለሚያገኝ ሰው 95 አካባቢ ጥሩ መካከለኛ ነው።

ሁለተኛ አፍንጫው ነው። ከፊት በኩል ረዘም አድርጎ ወደ ላይ ቀና ያለውን ምረጡ፤ ሻጮቹ ሮከር ይሉታል። እንደ ጀልባ አፍንጫ ከቁልሉ በላይ ይወጣል እንጂ አይሰካም። ጎኑ በጣም ወደ ውስጥ የጎበጠ ስኪ በጠጣር በረዶ ላይ ቶሎ ይታጠፋል፤ በገንፎው ውስጥ ግን ጠርዙ ሳያስቡት ይነክስና እግርን ይጠመዝዛል። ስለዚህ ጉብጠቱ ለዘብ ያለ ይሁን።

ሦስተኛ ጥንካሬውና ክብደቱ ነው። በጣም ለስላሳ የሆነውን ቁልሉ ወዲያና ወዲህ ያንገላታዋል። በጣም ደረቅ የሆነውን ደግሞ ቀላል ሰውነት ያለው ጀማሪ ሊያጎብጠው አይችልም፤ ካልጎበጠ አይታጠፍም። መካከለኛ ይሁን። በጣም ቀላል ስኪ ለመሸከም ይመቻል፤ እርጥብ በረዶን ሰንጥቆ ለማለፍ ግን ትንሽ ክብደት ያለው ይሻላል።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የሥሩ ነገር ነው። ስኪ የሚንሸራተተው ከሥሩ ቀጭን የውኃ ንጣፍ ስለሚኖር ነው። ውኃው ሲበዛ ግን እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚጣበቀው ይጣበቃል። በድንገት ስኪው ሲያዝና አካል ወደፊት ሲሄድ ምን እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ውኃውን የሚያሳልፉ ጎላ ያሉ መስመሮች ሥሩ ላይ ማስወጣትና ለሞቃት በረዶ የተሠራ ሰም መቀባት። ቀድሞ ለእርጥብ በረዶ የሚወደደው ፍሎሪን ያለበት ሰም ነበር። እነዚህ ኬሚካሎች በአካባቢም በሰውነትም ቶሎ የማይጠፉ ናቸው፤ በሙያው ላይ ባሉ ሰም ቀቢዎች ደም ውስጥም ከፍ ብለው ተገኝተዋል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023-24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከልክሎታል። አሮጌ ሰም ርካሽ ነው ብላችሁ በጋራዣችሁ ውስጥ አትተኩሱት።

አሁን ወደ እኛው ሙያ ልመለስ። ሁሉም ስለ ስኪው ቀለም ይጨነቃል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ነው። ሰው ሲወድቅ ማሰሪያው እንዲለቅ የሚሞላ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚወሰነው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በነጂው ችሎታ ነው፤ አይኤስኦ 11088 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃም አለው። ዕድሜ 50 ሲደርስ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለብዙዎቻችን ሩቅ አይደለም፣ አይደል? ባለሙያው ሲጠይቃችሁ ክብደታችሁን አትቀንሱ፤ ችሎታችሁንም አትጨምሩ። የወንድምን ወይም የጎረቤትን ስኪ ተውሶ፣ በሌላ ሰው ልክ በተሞላ ማሰሪያ መውረድ ደግሞ የሌላ ሰው መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዘመናዊ ማሰሪያ የቅልጥም ስብራትን በእጅጉ ቀንሷል፤ የጉልበትን የፊት መስቀለኛ ጅማት ግን በዚያው ልክ ማዳን አልቻለም። ምክንያቱም ያ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በቀስታ፣ ወደ ኋላ ሲወደቅ ነው፦ ዳሌ ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ ክብደት ሁሉ በአንድ ስኪ ጭራ ላይ ያርፋል፣ ስኪው ቅልጥምን ይዞ ወደ ውስጥ ይዞራል። ማሰሪያው ይህን አያውቅም። በገንፎ በረዶ ውስጥ ደግሞ ጭራው ስለሚያዝ ነገሩ ይብሳል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ለዚህ ጉዳት ይጋለጣሉ። ስለዚህ እጆቻችሁ ሁልጊዜ ከፊታችሁ ይሁኑ። ወደ ኋላ መውደቅ ከጀመራችሁ እየተንሸራተታችሁ ለመነሣት አትታገሉ፤ እስክትቆሙ ውደቁ፤ ከዚያ ተነሡ።

ይህን ለምን አጥብቄ እናገራለሁ? ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ከተተካ ወደ ስፖርት ለመመለስ 9 ወር ገደማ ይፈጃል። በቢሮ ወንበር ለሚሠራ ሰው ይህ ችግር ነው። ሌሊት በአዛውንቶች መንከባከቢያ አልጋ ላይ ሰው ለሚያገላብጥ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ለሚያነሣ፣ ወይም ለእኛው ባልደረባ፣ ቆሞ ለሚያዋልድና ለሚቀድድ፣ የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። አንድ ቀን ሰውዬው ከልጆቹ ጋር ተደሰተ ብለን፣ ቤተሰብ በሙሉ ዓመቱን እንዲያነክስ አንፈልግም።

ታዲያ ቅሩ እያልኩ ነው? በጭራሽ! ልጆቻችን የሚያድጉበትን ተራራ ከሩቅ ማየት የለብንም። የኮሎራዶ አብዛኞቹ የስኪ ቦታዎች በሚያዝያ ይዘጋሉ፤ እንደ አራፓሆ ቤዝን ያሉት ግን ብዙ ጊዜ እስከ ጁን ይዘልቃሉ። የዚያ ሥሩ 3,286 ሜትር፣ አናቱ 4,000 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሳንባ እንኳ ቀልድ አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ በረዶ ደግሞ እስከ 80 በመቶውን መልሶ ይረጨዋል። ጥቁር ቆዳ አለኝ ብሎ መነጽር መተው አይቻልም፤ የዓይን ብሌን ቀለም አይመርጥም።

ለማጠቃለል፣ ለጠየቁኝ ወላጆች የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አትግዙ፣ ተከራዩ። ለአከራዩ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚረጥብ በረዶ ላይ ነው የምንሄደው» ብላችሁ ንገሩት፤ ወርዱንና ሰሙን በዚያ ይመርጥላችኋል። ለልጅ «ያድግበታል» ተብሎ ረጅም ስኪና ሰፊ ጫማ አይወሰድም፤ ይህ የደንብ ልብስ አይደለም። ገንዘብ ካላችሁ በመጀመሪያ በልካችሁ የሆነ ጫማ ግዙ። ለአንድ ቀን አስተማሪ ክፈሉ። ጠዋት ውጡ፤ በረዶው ቁርጭምጭሚት መዋጥ ሲጀምር፣ እግራችሁም ሲዝል፣ «አንድ ዙር ብቻ» ሳትሉ ውረዱና ምሳ ብሉ።

ከመካከላችሁ ወደ ዴንቨር ብቅ የሚል ካለ ቡናው ከእኔ ነው። በሚያዝያ ከመጣችሁ ግን ማሰሪያችሁን አይቼ ነው የምለቃችሁ።